የእግረኛው ተማሪ ድርሻ የት ገባ?

ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በአዲስ አበባ ዳርቻም ሆነ በናይሮቢ ጠርዝ የሚታየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ዩኒፎርም የለበሰች የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛ በመንገድ ዳር ትጓዛለች። ለእግረኛ በተተወው ቦታ ላይ አሸዋና ጠጠር ተቆልሏል። ከአሸዋው ቀጥሎ መኪና ቆሟል፤ ከመኪናው ቀጥሎ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። ስለዚህ ሁለቱ ሕፃናት ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ። አዲስ አበባ ከሆነ ከኋላቸው የሚመጣው ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ሲል ስም ያወጣለት ሲኖትራክ ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ክላክስ ያሰማል እንጂ። የክላክሱም ትርጉም ለማንም ግልጽ ነው፦ «ዞር በይ፤ መንገዱ ያንቺ አይደለም!»

ለመሆኑ መንገዱ የማን ነው? በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በናይሮቢም ከአሥር ጉዞ አራቱ ያህል እንዲሁ ነው። የግል መኪና የሚያሽከረክረው ጥቂት ሰው ነው። ዳሩ ግን የመንገድ በጀት ሲደለደል ብዙኃኑ እንደ ጥቂት፣ ጥቂቱም እንደ ብዙኃን ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያሉትንም ከሁሉ ይበልጥ የሚገድለው ይኸው አደጋ እንደሆነ አስታውቋል። የድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና ከዓለም ተሽከርካሪ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ከሟቾቹ 19 በመቶውን ይቀብራል። መኪና ሳይኖራቸው በመኪና የሚሞቱ ሕዝቦች ማለት እነዚህ ናቸው።

ከዚህ ላይ የተለመደ ክርክር ይነሣል። «መንገዱን የሚሠራው የባለ መኪናው ገንዘብ ነው፤ የከፈለ ይገልገልበት» የሚል ነው። ይህ አባባል ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን አይቆምም። በኢትዮጵያ የመንገድ ፈንድ በ1997 በአዋጅ ሲቋቋም ከነዳጅ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለመንገድ ጥገና ብቻ ሳይሆን ለመንገድ ደኅንነትም እንዲውል ታስቦ ነበር። በኬንያ የመንገድ ጥገና ቀረጥ በ2024 ከሊትር 18 ሺሊንግ ወደ 25 ሺሊንግ ከፍ ብሏል። ይህን ቀረጥ የሚከፍለው ማነው? በሚኒባስ ታክሲና በማታቱ ተሳፍራ ገበያ የምትሄደው እናት በታሪፉ ውስጥ ትከፍለዋለች፤ በጭነት መኪና በመጣው ጤፍና ዱቄት ዋጋ ላይም ትደግመዋለች። ትልልቆቹ መንገዶች የተሠሩበትን ብድር ደግሞ የሚከፍለው ዛሬ ደብተሩን ይዞ በመንገድ ዳር የሚሄደው ልጅ ነው። ነገ ዕዳውን የሚከፍለው ልጅ ዛሬ መሄጃ ሊነፈገው አይገባም።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ይበልጥ ጨካኝ ነው። «ልጆቹን ማስተማር ነው» ይላል። በእርግጥ ግራ ቀኝ አይቶ መሻገርን ማስተማር ማንም የሚጠላው አይደለም። ሆኖም የስምንት ዓመት ልጅ ቁመቱ ከቆመ መኪና በላይ አሻግሮ አያሳየውም፤ የሚመጣውን መኪና ፍጥነትና ርቀት አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታውም ገና አልበሰለም። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ በምክር አይሻርም። በአዲስ አበባ ተማሪዎች ራሳቸው የትራፊክ ሰደርያ ለብሰው፣ ምልክት ይዘው ታናናሾቻቸውን ሲያሻግሩ ይታያል። የልጆቹ ትጋት ያስመሰግናል። ሕፃንን የሚጠብቅ ሌላ ሕፃን መሆኑ ግን ለአዋቂዎች ሊያሳፍር እንጂ ሊያኮራ የሚገባ አይደለም። የመንግሥትን ሥራ ልጅ ከሠራው መንግሥት ምን ሊሠራ ነው?

ሦስተኛው መልስ ድልድይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ሰፈርን ከሰፈር፣ ቤትን ከትምህርት ቤት ለያይቶ ሲያበቃ እግረኛው በየርቀቱ በተተከሉ መሻገሪያ ድልድዮች እንዲወጣና እንዲወርድ ተፈረደበት። መኪናው በሜዳ ይሄዳል፤ ተማሪውና ምርኩዝ የያዙት አዛውንት ደረጃ ይወጣሉ። ድልድዩ ሩቅ ሲሆንበት አጥሩን ዘሎ የሚያቋርጠው ሰው «ሥነ ሥርዓት የሌለው» ተብሎ ይወቀሳል። ሰውን በማያስብ ንድፍ ሰውን መውቀስ ግን ጫማው የጠበበውን እግርህ ለምን ሰፋ እንደ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሳይታወቅ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። መድኃኒቱ ግን ከሩቅ አይደለም፤ ዳሬሰላም ውስጥ ተሞክሮ ታይቷል። አሜንድ የተባለው ድርጅት አደጋ የሚበዛባቸውን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየለየ በአካባቢያቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የእግረኛ መሄጃ፣ ዜብራና ምልክት አሠራ፤ የግቢው በር በአደገኛ መንገድ ላይ የሚከፈት ሲሆንም በሩን ወደ ሌላ ወገን አዞረ። ሥራው የተሠራላቸውና ያልተሠራላቸው ትምህርት ቤቶች በጥናት ሲነጻጸሩ የሕፃናቱ ጉዳት ቢያንስ በ26 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። መርሐ ግብሩም በ2019 የሮስ የከተሞች ሽልማትን አገኘ። ይህን ውጤት ያመጣው ሲሚንቶ፣ ቀለምና ማስተዋል ነው። በጉዳዩ የሚያስቆጨው ግን እንዲህ ያለው ሥራ የለጋሾችን በጎ ፈቃድ መጠበቁ ነው። የልጅ ሕይወት በምጽዋት የሚጠበቅ ሳይሆን በበጀት ዓምድ የሚጻፍ መሆን ነበረበት።

«ገንዘብ የለም» የሚለው ደግሞ የመጨረሻው ምሽግ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2016 አገሮች ከጠቅላላ የትራንስፖርት በጀታቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲመድቡ ጠይቋል። የናይሮቢ ካውንቲ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2015 ከመንገድ ግንባታ በጀቱ 20 በመቶውን ለዚሁ እንደሚያውል በፖሊሲው አስፍሮ ነበር። በ2022 በከተማይቱ ሰማይ ላይ ተዘርግቶ የተመረቀው ታላቅ ሥራ ግን ክፍያ የሚጠየቅበት 27 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ ነው። መንገዱን የሠራው ወጪውን ከክፍያው የሚሰበስብ የቻይና ኩባንያ ስለሆነ ከካውንቲው በጀት አልወጣም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ባለሥልጣናት ለባለ መኪናው እንዲህ ያለ ዘዴ ለመፈለግ ያዋሉትን ጊዜና ብልኀት ከምሰሶዎቹ ሥር ለሚሄደው ተማሪ ለምን አላዋሉትም የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አያገኝም። የጎደለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ፈቃድም ነው።

በኢትዮጵያም በ2020 ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ብሔራዊ ስትራቴጂ ወጥቷል። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። ይህ የሚካድ አይደለም፤ ገንዘቡ ሲፈለግ እንደሚገኝም ያስመሰክራል። ነገር ግን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው በቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ብቻ አይደለም። ጉዞው የሚጀምረው ከቀበሌው ጉራንጉር፣ ከኮንዶሚኒየሙ በር፣ ለግንባታው ሲባል ከመሐል ከተማ ተነሥተው ወደ ዳር የሰፈሩ ቤተሰቦች ካሉበት ነው። የመብራቱ ምሰሶ ያማረበት ጎዳና ከትምህርት ቤቱ በር ሳይደርስ ካለቀ ጌጥ ነው እንጂ መንገድ አይደለም። ከከተማ ውጭ ደግሞ አውራ ጎዳናው የገጠሩን ትምህርት ቤት በር ታክኮ ያልፋል፤ ተማሪውም ከከብቱ ጋር የአስፋልቱን ጠርዝ ይጋራል።

ስለ ብስክሌትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ እየተባለች ኖራለች፤ አስመራም እንዲሁ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ የቀንዱ ሕዝብ በሙሉ እልል ብሏል። ነገር ግን ልጁን በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚደፍር ወላጅ በስንቱ ከተማ አለ? ለአምስት ኪሎ ሜትር ጉዞ ብስክሌት ከሁሉ የረከሰ መጓጓዣ ነው፤ ርቀት ከትምህርት ለሚያስቀራት ልጃገረድ ደግሞ ትልቅ ተስፋ ነው። መንገዱ ከሌለ ግን ብስክሌት መለገስ ልጅን ለአደጋ ማስታጠቅ ይሆናል።

«ያ የሀብታሞች አገር ነገር ነው» የሚል ካለ የኔዘርላንድን ታሪክ ይመልከት። በ1971 በዚያች አገር ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ ሲሞት ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ዓመት ልጁ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ስትጓዝ በመኪና የተገደለችበት ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ በ1972 «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከርዕሱ ንቅናቄ ተወለደ፤ ወላጆችና ልጆች አደባባይ ወጡ። መንግሥት በጀቱን ያዞረው ባለጠጋ ስለነበረ ሳይሆን ሕዝብ ስላላስቀመጠው ነው። በ2023 የሟቾቹ ቁጥር 684 ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነው። ከመንገድ በጀት ላይ ለተማሪው መሄጃ የማይነካ ድርሻ በሕግ ይለይ፤ አምስት ከመቶም ቢሆን ይጀመር፤ ወደ ሃያ ይደግ። የትኛው ትምህርት ቤት ምን እንደተሠራለት በየዓመቱ በስም ተዘርዝሮ ለሕዝብ ይገለጽ። በትምህርት ቤት ዙሪያ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይደንገግ፤ ድንጋጌው በምልክት ብቻ ሳይሆን በጉብታ ይጽና። በ65 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ50 ከተመታው አራት ጊዜ ተኩል እንደሚበልጥ የሚያውቅ መሐንዲስ ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። የእግረኛ መሄጃ የሌለው አዲስ መንገድም አይመረቅ፤ ሪባኑም አይቆረጥ።

እስካሁን የተለመደው ልጅ ከሞተ በኋላ ጉብታ መሥራት ነው። የሰፈሩ ሰው መንገድ ይዘጋል፤ ባለሥልጣን ይመጣል፤ በሳምንቱ አስፋልቱ ላይ ጉብታ ይታያል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በየከተማው ያለው እያንዳንዱ ጉብታ የአንድ ልጅ የመቃብር ድንጋይ መሆኑ እስኪቀር ድረስ የመንገድ ርዝመት እየቆጠሩ ስለ ልማት መናገር ለሚሰማው ወላጅ ስድብ ነው። ነገ ማለዳ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያቺ ልጅ የወንድሟን እጅ ይዛ ከቤት ትወጣለች። የበጀቱ ሰነድ ስለ እርሷ ምን ይላል?