ስሙን የደበቀ ሲጋራ

እስቲ ፊሊፔ ማሳ እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ሻምፒዮንነቱን በአንድ ነጥብ ያጣባትን ቀይ ፌራሪ አስታውሱ። “ማርልቦሮ” የሚል ጽሑፍ አልነበረባትም። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን የትምባሆ ስፖንሰርነት ከ2005 ጀምሮ ከልክሏላ! ታዲያ በጽሑፉ ቦታ ምን ነበር? ባርኮድ! ሱቅ ውስጥ ብስኩት ላይ የምናየው ዓይነት የመስመር ድርድር። መኪናዋ ስትከንፍ ደግሞ ቀዩና ነጩ ተቀላቅሎ ዓይናችሁ ላይ የሲጋራ ፓኮ ይስላል። ቡድኑ “ይሄ ማስታወቂያ አይደለም” እያለ ቆይቶ፣ ጩኸቱ ሲበዛበት በ2010 ባርኮዱን አነሳው። የማርልቦሮ ባለቤት ገንዘብ ግን አልተነሳም። እንደውም በ2018 “ሚሽን ዊናው” የሚል አዲስ ጽሑፍ ይዞ ብቅ አለ። ምን ማለት እንደሆነ የገባው ካለ ይንገረኝ።

በቀጣዩ ዓመት ሌላው የትምባሆ ግዙፍ፣ ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ፣ ማክላረን ላይ “የተሻለ ነገ” ብሎ ለጠፈ። ሲጋራ ሻጭ ስለ ነገ ሲሰብክ አይገርምም? ከዚያ ቬሎ መጣ፤ ከንፈር ሥር የሚወሸቅ የኒኮቲን ከረጢት። ጭስ የለውም። ሱስ ግን አለው፤ ኒኮቲን እኮ ነው።

ክርክሩን አውቀዋለሁ፤ “ስፖርት ገንዘብ ይፈልጋል” ነው። በ1997 የቶኒ ብሌር መንግሥት የትምባሆ ስፖንሰርነትን ሊከለክል ሲነሳ ፎርሙላ ዋንን ለብቻው ነጥሎ ማረው። ብዙም ሳይቆይ የፎርሙላ ዋኑ አለቃ በርኒ ኤክልስተን ለገዢው ፓርቲ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥተው እንደነበር ታወቀ። ሁለቱ አይገናኙም ተባለ። እሺ፣ አይገናኙ! ገንዘቡ ተመለሰ፣ ብሌርም በቴሌቪዥን ይቅርታ ጠየቁ። ያለ ትምባሆ ይሞታል የተባለው ስፖርት ግን ይኸው አለ፤ የቡድኖቹ ዋጋ ዛሬ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል። እግር ኳስስ? በ1986 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ካሜል ሲጋራ ስፖንሰር ነበር። ወጣ፤ ዓለም ዋንጫው ቀረ እንዴ?

“ስፖርተኛ ሲያጨስ ምን አገባን” ለሚሉም ዮሃን ክራይፍ አለ። በዘመኑ ያልተስተካከለው ተጫዋች የሲጋራ ሱሰኛ ነበር። በ1991 የልብ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ሲጋራውን ተወ፣ ፓኮውን እንደ ኳስ እያነጠረ ፀረ ማጨስ ማስታወቂያ ሠራ። በ2016 በሳንባ ካንሰር አረፈ።

እኛ ጋስ? ወረቀቱ ጥሩ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያንም ስፖንሰርነትንም ይከለክላል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም አይቻልም። ግን አንድ ነገር አስቡ፦ የጃፓኑ ጄቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 71 በመቶ ገደማ የገዛው ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ነው። ይህን ሁሉ ብር ያፈሰሰው ለሽማግሌ አጫሾች አይመስለኝም። አብዛኛው ሕዝቧ ወጣት የሆነ አገር አይቶ ነው።

ስለዚህ ክልከላው ስሙን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ይከተል። አንድ ክለብ ወይም ፌዴሬሽን ሊፈርም ሲል ጥያቄው “ማልያው ላይ ምን ይጻፋል?” መሆን የለበትም፤ “ከፋዩ ማን ነው?” ይሁን። ከረጢቱም፣ ቬፑም፣ ምን እንደሆነ የማይታወቀው መፈክርም እዚሁ ውስጥ ይግባ።

ደግሞ ኳስ የምናይባቸው ቤቶች! አዋጁ ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፣ እኛ ግን የአርሴናልን ጨዋታ በጭስ መሃል እያጮለቅን የምናይባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። የ16 ዓመቱ ልጅም እዚያው አጠገባችን ነው። ባለቤቶቹ መተርኮሻውን ከጠረጴዛው ላይ ያንሱልን። ማጨስ የግድ የሆነበት ሰው የ15 ደቂቃ ዕረፍት አለው፣ ወጣ ብሎ፣ ከበሩም ራቅ ብሎ።