በደመወዛቸው የኖሩት ሃምሳ አለቃ



መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ዳር ሕዝቡን ወደ ንስሓ በጠራ ጊዜ፥ ምን እናድርግ ብለው ከጠየቁት መካከል ወታደሮች እንደ ነበሩበት ወንጌላዊው ሉቃስ በሦስተኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። ዮሐንስም ጦራችሁን ጣሉ፥ ከሥራችሁም ውጡ አላላቸውም። የሰጣቸው ትእዛዝ ሦስት ነው፤ ይኸውም በሰው ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፥ ማንንም በሐሰት እንዳይከሱ፥ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነው። እንግዲህ መሣሪያ ታጥቆ ሕዝብን የሚጠብቅ ሰው በዚያው በሥራው ላይ ሳለ እግዚአብሔርን ደስ ለማሰኘት ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን ትእዛዛቱ ለመስማት ቀላል ቢሆኑም ለመፈጸም ከባድ ናቸው። ክብደታቸውንም የሚሸከመው ወታደሩ ብቻ አይደለም።

ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን የሸኘናቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው፥ ሥጋውን ደሙን ተቀብለው ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ ስማቸው በአደባባይ ሲነሣ ደስ አይላቸውም ነበርና እዚህም ስማቸውን አልጽፍም። እኛ ጎረቤቶቻቸው ከልጅነታችን ጀምሮ የምንጠራቸው አባባ ሃምሳ አለቃ እያልን ነው።

ሃምሳ አለቃ የሸዋ ገጠር ልጅ ነበሩ፤ በጉብዝናቸው ወራት በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠሩ። አገራችን በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ወደ ኮሪያ ጦር በላከች ጊዜ፥ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ ከዚያ በመርከብ ሄደ። ቃኘው የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም እንደ ነበረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እርሳቸው የዘመቱት በማግሥቱ ዓመት በሁለተኛው ቃኘው ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስና ከዚያም በኋላ በየተራው ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን ኮሪያ ደርሰዋል። ከእነርሱም 121 ወደቁ፥ 536 ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። የወደቁትም በባዕድ አፈር አልቀሩም፤ አጽማቸው ወደ አገሩ ተመልሶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። ሃምሳ አለቃ አቅም እስካላቸው ድረስ በየዓመቱ ወደዚያ ሄደው የጓደኞቻቸውን ስም እየጠሩ ሻማ ያበሩ ነበር።

ስለ ጦርነቱ ስንጠይቃቸው ስለ ተኩስ አይነግሩንም። የሚነግሩን ስለ ብርዱና ስለ ልጆቹ ነበር። ክረምቱ ውኃውን በኮዳ ውስጥ ድንጋይ ያደርገዋል ይሉን ነበር፤ እናትና አባታቸው የሞቱባቸው ሕፃናት ደግሞ በዚያ በረዶ ላይ በባዶ እግራቸው እየመጡ በሰፈሩ አጥር ዳር ይቆማሉ። ወታደሩም ከራሱ ምግብ እየቀነሰ ያካፍላቸው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የዘመቱት ጓደኞቻቸውም ከደመወዛቸው አዋጥተው ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ ለሙት ልጆች ማሳደጊያ አቁመዋል። እነሆ፥ ደመወዝ ለሚበቃው ሰው ሌላውን ለመመገብም ይተርፋል።

ከዘመቻው ከተመለሱ በኋላ ወደ ፖሊስ ሠራዊት ተዛወሩ። ፖሊስ የኖሩትም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በደጃቸው ላይ ከግንድ የተጠረበች አንዲት መቀመጫ ነበረቻቸው። ማለዳ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በእርሷ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጅ ሁሉ በስሙና በአባቱ ስም እየጠሩ መንገድ ያሻግሩታል። የተጣሉ ጎረቤታሞችም የሚመጡት ወደዚያች መቀመጫ ነው። ሃምሳ አለቃ ማናቸውንም አስቀድመው አያናግሩም። «መጀመሪያ ውኃ ጠጡ» ይሉና ለሁለቱም በአንድ ዐይነት ኩባያ ያስቀርቡላቸዋል። ውኃው ተጠጥቶ እስኪያልቅ የንዴቱ ግማሽ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ያዝዛሉ፤ እርሳቸውም ዐይናቸውን ከድነው ያዳምጣሉ። ብዙ ጠብ እዚያች ደጅ ላይ ታርቆ ቀርቷል፤ ፍርድ ቤት አልደረሰም።

ስለዚህ ወደድናቸው። ይሁን እንጂ እኔ ራሴ በወጣትነቴ በልቤ እንዴት እንደ ፈረድሁባቸው ሳልናገር ባልፍ እውነተኛ አልሆንም። የቤታቸው ጣሪያ በክረምት ያፈስ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የተቀጠሩ ሰዎች ማዕረግ ሲጨመርላቸው፥ ቤትም ሲሠሩ እናያለን፤ እርሳቸው ግን እዚያው ሃምሳ አለቃነታቸው ላይ ናቸው። ልጆቻቸው ባረጀ ጫማ ይማሩ ነበር። እኔም፥ ደግ ሰው ናቸው፥ ነገር ግን ለልጆቻቸው አላሰቡም አልሁ። የነገሩን ምክንያት ያወቅሁት ግን በለቅሶአቸው ዕለት ነው።

ከቀብር ተመልሰን በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፥ ከመካከላችን ማንም የማያውቃቸው፥ ዕድሜአቸው ሰማንያ የሚጠጋ አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ እየተደገፉ ገቡና አለቀሱ። ከዚያም ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። በ1958 ዓ.ም. እርሳቸው የሃያ ዓመት ወጣት፥ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። አንድ ቀን ሌሊት ስኳር በጆንያው ጠፋና ዘበኛው ተያዘ። ምርመራው ለእኛ ሃምሳ አለቃ ደረሰ። ባለ ንብረቱም ከአለቆች ጋር የሚበላ የሚጠጣ ሰው ነበርና፥ ዘበኛው መስረቁን አምኗል የሚል ቃል ተጽፎ ሃምሳ አለቃው እንዲፈርሙበት ቀረበላቸው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ የተያዘ ሰው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ ቃሉንም ፖሊስ በማስፈራራት ወይም በተስፋ ቃል እንዳይቀበለው ያዝዝ ነበር። ሃምሳ አለቃም ይህንኑ ሕግ ይዘው፥ ይህ ልጅ ያላለውን ብሏል ብዬ አልፈርምም አሉ። የሰጠውን ቃል እንደ ሰጠው ጽፈው፥ ጊዜው ሳያልፍ ዳኛ ዘንድ አቀረቡት። ዳኛውም ማስረጃ ስላላገኙ አሰናበቱት። ከጥቂት ወራት በኋላ ስኳሩን የሸጠው የነጋዴው የገዛ ጸሐፊ መሆኑ ታወቀ። በዚያ ጊዜ ግን ሃምሳ አለቃ በከተማው አልነበሩም። ወደ አንድ ሩቅ ቆላ ተዛውረው ነበር፤ የማዕረጋቸውም ነገር ከዚያ ወዲያ ተረሳ።

«እኔ ነጻ በወጣሁ በወሩ ላመሰግናቸው ብሄድ፥ ተዛውረዋል አሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ በኋላ ስፈልጋቸው ኖርሁ። ያገኘኋቸው ዛሬ ነው፤ የሞታቸውን ወሬ ሰምቼ።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። በዚያን ጊዜ ከል ለብሰው በፍራሽ ላይ የተቀመጡት የሃምሳ አለቃ ባለቤት ቀና አሉ። ወደዚያ ቆላ ሲወርዱ ሁለተኛ ልጃቸው ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን እንደ ነበረ፥ በዓመቱም በወባ እንደ ሞተባቸው እናውቃለን። ለምን ወደዚያ እንደ ተላኩ ግን ማንም አያውቅም ነበር፤ ልጆቻቸውም እንኳ።

«አልተጸጸትሁም ብዬ በለቅሶ ቤት አልዋሽም» አሉ እማማ። «ሕፃኑን በቀበርን ማታ፥ ምነው ያችን ወረቀት በፈረሙ ኖሮ ብያቸዋለሁ። እርሳቸውም አልመለሱልኝም፤ አብረውኝ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ አላነሣሁባቸውም፤ እርሳቸውም አላነሡም።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ሽማግሌውን፥ «ልጆች ወልደዋል?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌውም አምስት ልጆችና ዐሥራ አንድ የልጅ ልጆች እንዳሏቸው ተናገሩ። እማማም፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንግዲያስ የእኔ ልጅ በከንቱ አልሞተም» አሉ።

የሃምሳ አለቃ የበኵር ልጅ፥ ዛሬ እርሱ ራሱ ጡረታ የወጣ ሰው፥ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። በኋላም እንደ ነገረኝ፥ አባቱን በልጅነቱ ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ክፉኛ ተናግሮአቸው ነበር፤ ይቅርታ ሳይጠይቃቸውም ዘመኑ አለፈ። እኔም በዚያች ሰዓት የቀድሞ ፍርዴን አስታውሼ አፈርሁ።

አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። የአንድ ሰው እውነተኛነት ዋጋው የሚከፈለው በቤቱ ሁሉ ነው። ሃምሳ አለቃ ብዕሩን አልይዝም ባሉ ጊዜ ማዕረጋቸውን አጡ፤ ባለቤታቸው ግን ልጅ አጡ፥ ልጆቻቸውም ጫማና ዘመድ አጡ። ዮሐንስ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ያላቸው ወታደሮች ቢሆኑም፥ በደመወዝ መኖር የሚቻለው ሌማቱን የምታዘጋጀው እናት እህሉን በልክ ስትሰፍር፥ ልጆቹም የጎረቤታቸውን ልጅ ልብስ አይተው ዝም ሲሉ ነው። ስለዚህ ከሃምሳ አለቃ ጋር እማማም ሊመሰገኑ ይገባል። እርሳቸው ያለቀሱት እንባ ከባለቤታቸው ታማኝነት የተለየ ሥራ አይደለም።

ዛሬም በየቤታችን ደንብ ልብስ የሚለብስ፥ በመዝገብ ላይ የሚፈርም፥ የሰው ጉዳይ በእጁ የሆነ አባት ወይም እናት አለ። ማታ ወደ ቤት ሲገባ የምንቀበለው እንዴት ነው? የእገሌ ቤት ይህን ገዛ፥ እኛ ግን ምን አለን ብለን ከሆነ፥ ሳናውቀው ወረቀቱን እንዲፈርም እጁን እየገፋን ነው። ጉቦ የሚጀምረው በቢሮ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን በእራት ገበታ ላይ ይጀምራል። በሌላም በኩል ለእውነት ሲል የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ከቤተ ሰቡ ሊሰውር አይገባውም። ሃምሳ አለቃ ከትሕትና የተነሣ ዝም አሉ፤ ልጆቻቸው ግን የድህነታቸውን ምክንያት ቢያውቁ ኖሮ በአባታቸው ባልተቈጡ ነበር። ለልጅ እንዲህ ያለውን ነገር መንገር መመካት አይደለም፤ ርስት ማውረስ ነው።

በአርባው ቀን ቤተ ሰቡ ተበድረው ትልቅ ድግስ አልደገሱም። ጸሎተ ፍትሐት አስደርሰው፥ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያሉትን ነድያን በአቅማቸው አበሉ። ስማቸው ያልተረሳው ሽማግሌ ዘበኛም ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ወጥ ሲያወጡ ዋሉ። የኮሪያው ሜዳልያ ዛሬ በእማማ ቤት፥ በሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ተሰቅሏል። በበኵር ልጁ እጅ የተጻፈ አንድ ደብተርም ከሥሩ ተቀምጧል፤ እማማ የሚያስታውሱትን በየማታው እየነገሩት የሚጽፈው ነው።

እናንተም በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንደዚህ ያለ አሮጌ ወታደር፥ ጡረታ የወጣ ፖሊስ፥ ወይም ከእርሱ ጋር የደከመች ባልቴት ካለች፥ ለቅሶአቸውን አትጠብቁ። ከኮሪያ ዘማቾች ዛሬ የቀሩት በጣም ጥቂቶች ናቸው። በሰንበት ከቅዳሴ መልስ ሂዱና አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ምን እንዳደረጉ ጠይቋቸው፥ ከዚያም ይልቅ ምን አላደርግም እንዳሉ ጠይቋቸው።

የሃምሳ አለቃን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለእማማም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።