ግድቡ ሞላ፣ ምድጃው ግን ይጨሳል

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል ለዘመናት ሲነገር ኖሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በይፋ ሲመረቅ፣ ብዙዎቻችን ይህ አባባል ከእንግዲህ ተረት ሆነ ብለን ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ ከመቀነታችን ፈትተን የሠራነው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነውና ደስታችን ተገቢ ነበር።

ከምረቃው ብዙም ሳይቆይ አንድ ምሽት ወደ ቤቴ ስገባ የሰፈራችን መግቢያ በማገዶ ጭስ ታፍኖ አገኘሁት። እንጀራ የሚጋግሩት ጎረቤቴ ተከራይ ናቸው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራያቸው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከልክለዋቸዋል። «ግድቡማ ሞላ አሉ፤ እኔ ጋ የሞላው ግን ጭሱ ነው» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። የምመልሰው አጣሁ።

ለመሆኑ የአየር ንብረት ፖሊሲያችን የሚለካው የት ነው? ግድቡ ላይ ነው ወይስ ምድጃው ላይ?

ኢትዮጵያ ለዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ያላት ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃና ከነፋስ የሚገኝ በመሆኑም ብዙ ባለጸጋ አገሮች ሊቀኑብን ይችላሉ። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ አንድ ነገር ነው፤ አገሪቱ የምትጠቀምበት ጠቅላላ ኃይል ደግሞ ሌላ። እጅግ የሚበዛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ኤሌክትሪካችን ንጹሕ ነው፤ ኃይላችን ግን ገና ንጹሕ አልሆነም። የጎደለውን የሚሞላው ደኑ ነው፤ ከእንጦጦ ዳገት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ጀርባ ነው፤ የሕፃናት ሳንባ ነው።

ይህን መንግሥት አያውቅም ማለቴ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ጉዳዮች አንዱ የውኃ ኃይል ሲሆን፣ ሌላው የተሻሻለ የማብሰያ ቴክኖሎጂን ማስፋፋት ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰነድ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ለግድቡ ቦንድ ገዛን፣ ዘፈን አወጣን፣ በየዓመቱ በዓል አከበርንለት። ለምድጃው ግን ማን ዘፈነ? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲታገድም ዓለም አደነቀን። እርምጃውን እደግፋለሁ። ነገር ግን መኪና የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው፤ እንጀራ የማይበላ ግን ማን አለ?

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ባለ 10 ዋት አምፖሎች ብንቆጥር ከ300 ያላነሱ ማለት ነው። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እንዲከብድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ዓላማው ድኃውን መደጎም መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም አራት ድኃ ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ቆጣሪው የሚያየው አንድ «ሀብታም» ነው። አከራዩ ምጣድ የሚከለክለው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ስለሚገፋፋው ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ የተወሰነው ጭማሪ ሸክሙን ይበልጥ አክብዶታል።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። ኤሌክትሪክን ከዋጋው በታች እየሸጡ መስመር ማደስ አይቻልም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢያስገባ ደግሞ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አይችለውም። እውነት ነው። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝባችን ጭራሽ መብራት እንደሌለውም አልዘነጋሁም። ነገር ግን ለጎረቤት አገሮችና ለዲጂታል ገንዘብ አምራቾች ኃይል መሸጥ ከቻልን፣ መስመሩ ለደረሰለት ወገን እንዴት እንሽጥለት ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይሆንም።

የምጠይቀው ከአቅም በላይ አይመስለኝም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተከራይ ቤተሰብ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፤ ይህ እስኪሆን የጋራ ቆጣሪ ታሪፍ በሚገለገሉበት ቤተሰቦች ቁጥር ይሰላ። ሁለተኛ፣ ጭነት በሚቀንስባቸው ሰዓታት ለመጋገሪያ የሚሆን ርካሽ ዋጋ ይውጣ፤ ትራንስፎርመሩም ይተርፋል። ሦስተኛ፣ ምጣድ በብድር ተሰጥቶ ዕዳው ከወርኃዊው የመብራት ሒሳብ ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይከፈል። ይህ ሳይሟላ ግን ከሰልን በቅጣትና በቀረጥ ማሳደድ ድኃን ማሳደድ ነው።

በ2020 ዓ.ም. 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ይካሄዳል። እንግዶቻችንን ወደ ጉባ ወስደን ግድቡን እንደምናሳያቸው አልጠራጠርም፤ ልናሳያቸውም ይገባል። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር እመኛለሁ፤ ጎረቤቴ ዓይናቸውን ሳይጠርጉ እንጀራ ሲጋግሩ ማየት። ያኔ አባባሉ በእርግጥ ተረት ይሆናል።

ቸር ያሰንብተን።