አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በአሜሪካ ወጣት ነፍስ በገደለ ቍጥር ጥፋቱን በቪዲዮ ጨዋታ ላይ መጣል በብዙ ሹማምንት ዘንድ ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሎራዶ፥ በኮሎምባይን ትምህርት ቤት፥ ሁለት ተማሪዎች ጓደኞቻቸውንና አንድ መምህር በጠመንጃ በፈጁ ጊዜ፥ «ዱም» የተባለውን ጨዋታ ይወዱ ነበርና ገዳዩ ጨዋታው ነው ተባለ። ነገር ግን ይህንኑ የተጫወቱ እጅግ ብዙ ሰዎች ማንንም አልገደሉም። ቃየልስ ወንድሙን በሜዳ ሲገድል ከየትኛው ጨዋታ ተምሮ ነበር?

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2005 ግፍ የሞላበትን ጨዋታ ለልጆች መሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በሰባት ድምፅ ለሁለት ሻረው። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ያለው ጨዋታ ከመጮህና ከመገፋፋት ጋራ ጥቂት ዝምድና ቢኖረው እንጂ ለነፍስ ግድያ ምክንያት ነው ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገለጠ። በጃፓን ጨዋታው በየቤቱ አለ፤ ጠመንጃ ግን እምብዛም የለም፤ ነፍስ ግድያም ጥቂት ነው። እንግዲህ ጠመንጃውን መንካት የፈራ ሹም ጨዋታውን ቢወቅስ፥ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደቡ ነው።

ይህም ሲባል ጨዋታው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሱስ ከደዌ ተቈጥሯል፤ ይኸውም ሰው ጨዋታውን መግታት ሲያቅተው፥ ከሥራው ሁሉ ሲያስቀድመው፥ ጕዳቱንም እያየ ሲቀጥል ነው። እንዲህ ያለው ደዌ የሚይዛቸው ከተጫዋቾች ጥቂቶቹ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ግን የሚፈሰው ደም ሳይሆን ዕድሜ ነው፤ እንቅልፍ፥ ትምህርት፥ ጸሎት፥ ከወላጅ ጋራ መነጋገር ሁሉ አብሮ ያልቃል።

የሐሰት ክስ ክፋቱ እውነተኛውን ክስ መሸፈኑ ነው። ሌባ ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ቢከሰስና ነጻ ቢወጣ፥ ስርቆቱ ሳይመረመር ይቀራል። አባትም ልጁ ዱላ አለማንሣቱን አይቶ «የእኔስ ልጅ ጨዋ ነው» እያለ ይተኛል፤ ልጁ ግን በሚቀጥለው ክፍል ዶሮ እስኪጮኽ ብቻውን ተቀምጧል። ያ አባት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ የሚጫወተውን ቢያይ፥ ሰዓቱንም ቢወስንለት፥ ከሹማምንቱ ጩኸት ሁሉ ይልቅ ይጠቅመው ነበር።