ኮምፒዩተር በሕክምና ላቦራቶሪ፤ ጥቅሙና ወጪው

ማናቸውም አዲስ መሣሪያ ወደ ሥራ በገባ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነሣሉ። አንደኞቹ ችግሩ ሁሉ ባንድ ቀን የሚወገድ መስሏቸው ያጨበጭባሉ፤ ሁለተኞቹ ደግሞ የቀድሞው መዝገብ ምን ጎደለውና ነው እያሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ደም፣ ሽንትና አክታ በሚመረመርባቸው ላቦራቶሪዎች ስለሚገባው ኮምፒዩተር የሚሰማውም ክርክር ይኸው ነው። እኛ ግን ነገሩን በሚዛን አድርጎ መመልከት ይሻላል እንላለን።

አስቀድሞ ጥቅሙን እንመልከት። ደምን በመኪና መመርመር አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊው ሌናርድ ስኬግስ የፈለሰፈው አውቶአናላይዘር የተባለው መሣሪያ ለገበያ የቀረበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ነው። ምርመራው እየፈጠነና እየበዛ በሄደ መጠን ግን ውጤቱን ጽፎና ለይቶ ለባለቤቱ ማድረሱ ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ሆነ። በ1997 ፕሌባኒና ካራሮ የተባሉ የኢጣልያ ሊቃውንት በፓዶቫ ከተማ አንድ ላቦራቶሪ አጥንተው፣ ካገኟቸው ስሕተቶች 68.2 በመቶው ከምርመራው በፊት፣ 18.5 በመቶው ከምርመራው በኋላ የተፈጸሙ መሆናቸውን ገለጡ፤ በምርመራው ጊዜ የተፈጸመው 13.3 በመቶ ብቻ ነበር። እንግዲህ ጥፋቱ የሚበዛው ከመሣሪያው በፊትና በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ኮምፒዩተር የሚረዳውም እዚህ ላይ ነው። በብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ባርኮድ መሣሪያው ራሱ ስለሚያነበው ቁጥርን ከወረቀት ወደ ወረቀት መገልበጥ ይቀራል። የዛሬው ውጤት ካለፈው ጋር እጅግ የተራራቀ እንደ ሆነ ያስጠነቅቃል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ቁጥር ሲታይም ሐኪሙ ቶሎ እንዲያውቀው ያደርጋል። ከሩቅ ገጠር ስንቁን ይዞ የመጣ በሽተኛም «ወረቀትህ ጠፍቷል» ተብሎ ዳግመኛ ደም ከመቀዳት ይድናል።

ነገር ግን ኮምፒዩተር የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ስለ ሆነ፣ ባንድ ቀን ሁለት አበበ ከበደ ባንድ ሐኪም ቤት ቢገናኙ የሚያስደንቅ አይደለም። ኀይሉ የሚለውም ስም አንዱ ጸሐፊ በ«ኀ»፣ ሌላው በ«ሃ»፣ ሦስተኛው በ«ሐ» ቢጽፈው፣ አስቀድሞ ካልታሰበበት በቀር ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰዎች አድርጎ ይቈጥራቸዋል። የአንዱ ደም በሌላው ብልቃጥ ከገባም የተሳሳተውን ውጤት ባማረ ሕትመት አሰናድቶ በፍጥነት ያደርሳል፤ በመኪና የታተመውን ደግሞ የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ወጪው ስንመለስ፣ በቅሎ የሚገዛ ሰው ገብሷንም አብሮ ማሰብ አለበት። ከመግዣው ዋጋ ሌላ በየዓመቱ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል የፈቃድ ሒሳብ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር፣ የሚጠግን ባለሙያና የሠራተኞች ሥልጠና አለ። በእርግጥ በካሜሩንና በጋና ላቦራቶሪዎች የተሠራበት ብሊስ የተባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ ሆኖም ፕሮግራሙ በነጻ ቢገኝም አያያዙ በነጻ አይገኝም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሥራው ሁሉ ባንድ ገመድ ላይ ሲንጠለጠል ነው። በሰኔ ወር 2024 ወንበዴዎች በኮምፒዩተር አማካይነት ለንደን ውስጥ ለታላላቅ ሆስፒታሎች ደም የሚመረምረውን ሲኖቪስ የተባለውን ድርጅት ሥራ አሰናከሉ። ከ10 ሺህ የሚበልጡ የተመላላሽ በሽተኞች ቀጠሮዎችና ከ1 ሺህ 700 የሚበልጡ ሌሎች ሕክምናዎች ተላለፉ፤ የደምን ዓይነት እንደ ወትሮው ፈጥኖ ማመሳከር ስላልተቻለም «ኦ» የተባለውን ደም የሚለግሱ ሰዎች እንዲመጡ ጥሪ ተደረገ። በሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ፣ መብራት በሚቋረጥበት አገር መዝገቡን ወዲያው ጥሎ በኮምፒዩተር ብቻ መታመን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚያሰኝ ይሆናል።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው። ኮምፒዩተሩ ይግባ፤ ጥቅሙ ከወጪው ይበልጣልና። ነገር ግን አስቀድሞ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የማይለወጥ አንድ የካርድ ቁጥር ይሰጠው፤ የጥገናው ገንዘብ መሣሪያው ሳይገዛ በበጀት ይያዝ፤ ኮምፒዩተሩ በቆመ ቀን ሥራው በወረቀት የሚቀጥልበት ደንብ ይጻፍ፤ ሠራተኞችም በየጊዜው ይለማመዱት። የውጤቱ ምስጢርም የበሽተኛው ስለ ሆነ፣ ማን እንደሚያየው የታወቀ ይሁን።

አንባቢያችንም ድርሻ አለው። ደም በሚቀዳበት ጊዜ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ይናገር፤ በብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ስምና ቁጥር የራሱ መሆኑንም ሳያፍር ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ምንም ወጪ የለበትም፤ የሚጠብቀው ግን ሕይወትን ነው።