የደከመች ነፍስና የእግዚአብሔር ጥበቃ

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ከተማይቱ በወሎ ምዕራብ፥ በቦረና ደጋ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያም ምድሩ እየወረደ ሄዶ ወደ ታላቁ የዓባይ ሸለቆ ይገባል፤ ከወንዙ ማዶም ጎጃም ነው። ነገር ግን የሰላም ስፍራ በተባለ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ ልቡ በሰላም አያድርም። የአገርን ስም አባቶች ያወጣሉ፤ የልብን ሰላም ግን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው። በየመንደሩ ነፍሱ የደከመች ሰው ይገኛልና ዛሬ ስለዚህ ነገር ጥቂት እንናገራለን።

ልጆች ሆይ፥ ድካም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሥጋ ድካም ነው። ከዓባይ ቆላ እህል ጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው በዳገቱ መካከል ጉልበቱ ይዝላል፤ ነገር ግን በልቶና ጠጥቶ አንድ ሌሊት ቢተኛ በማግስቱ ይበረታል። ሁለተኛው የነፍስ ድካም ነው። ይህ ድካም የያዘው ሰው ተኝቶ ይነሣል፥ ዕረፍት ግን አያገኝም። ለጸሎት ይቆማል፥ ከንፈሩም ቃሉን ይናገራል፤ ልቡ ግን ዝም ይላል። ትናንት በደስታ ይሠራው የነበረ መልካም ሥራ ዛሬ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል። ይህ ድካም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ክፉውን ሰው አይደለም፤ ለሌላው ብዙ ያሰበውንና ብዙ የሠራውን ሰው ነው። በሽተኛ ስታስታምም ብዙ ወራት የቆየች እናት፥ ብዙ ልጆች የሚያስተምር መምህር፥ የሰውን ሁሉ ኀዘን የሚሰማ ቄስ በዚህ ድካም ይያዛሉ።

እንዲህ ያለውን ሰው ባዩ ጊዜ አንዳንድ ሰዎች፦ «እምነቱ ጎድሎአል፤ በእውነት ቢጸልይ ኖሮ ባልደከመ ነበር» ይላሉ። ሌሎችም፦ «ሰነፍ ነው» ይላሉ። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ስንፍናና ድካም ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፥ ሰነፉም የደከመውም ተኝተው ይገኛሉና። ነገር ግን ሰነፍ የሚተኛው ሥራውን ሳይጀምር ነው፤ የደከመ ሰው የሚተኛው ሠርቶ ኃይሉን ከጨረሰ በኋላ ነው። ሰነፍ ባለመሥራቱ አያዝንም፤ የደከመ ሰው ግን መሥራት ስላቃተው ያለቅሳል። ስለዚህ ለሰነፍ የሚገባውን ተግሣጽ ለደከመ ሰው መስጠት በቍስል ላይ በትር እንደ ማሳረፍ ነው።

እግዚአብሔር የደከመውን አገልጋዩን እንዴት እንደ ጠበቀው ለማወቅ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የነቢዩን የኤልያስን ታሪክ እንመልከት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ብቻውን ቆሞ ከበዓል ነቢያት ጋር ተከራከረ፤ እሳትም ከሰማይ ወረደ፥ ከረጅም ድርቅ በኋላም ዝናብ ዘነበ። ከዚህ የሚበልጥ ድል ለአንድ ነቢይ ከወዴት ይገኛል? ነገር ግን ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው በማለች ጊዜ፥ ያ በንጉሥ ፊት ያልፈራ ሰው ፈርቶ ሸሸ። ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። አንድ ቀን ከተጓዘ በኋላም ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያንን ዛፍ ክትክታ ይለዋል። ክትክታን የማያውቅ የአገራችን እረኛ የለም፤ ጥላው ትንሽ ነው። የደከመ ሰው ግን የተሻለ ጥላ ለመፈለግ ኃይል የለውም።

አሁን እግዚአብሔር ያደረገለትን በተራ እንቍጠር። አልገሠጸውም፤ የትናንቱን ተአምር እንዴት ረሳህ ብሎም አልወቀሰውም። አስቀድሞ እንቅልፍ ሰጠው። ከዚያም መልአክ መጥቶ በእጁ ነካው፥ እንዲበላም ነገረው። ኤልያስ ዓይኑን በገለጠ ጊዜ በራስጌው ትኩስ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ። መልአኩም አንድ ጊዜ መብላቱ ይበቃዋል ብሎ አልተወውም፤ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፥ የሚጠብቀው መንገድ ሩቅ ነውና ደግሞ አበላው። ኤልያስም በዚያ ምግብ በርትቶ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጕዞ ወደ ኮሬብ ተራራ ደረሰ።

በኮሬብም ብርቱ ነፋስ፥ የምድር መናወጥና እሳት ተከታትለው መጡ፤ እግዚአብሔር ግን በእነዚህ ውስጥ አልነበረም። ከሁሉ በኋላ በለሆሳስ ድምፅ ተናገረው። የደከመ ጆሮ ጩኸት አይችልምና። ኤልያስም ብሶቱን ተናገረ፤ ዳግመኛ በተጠየቀ ጊዜም ያንኑ ብሶት ደገመው። እግዚአብሔር ሁለቱንም ጊዜ ሰማው። ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ለነበረውም ለበዓል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ገለጠለት። ደግሞም በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲታረስ በእርሻው ላይ የተገኘውን ኤልሳዕን ረዳት አድርጎ ሰጠው።

እንግዲህ የእግዚአብሔር ጥበቃ ለኤልያስ በእነዚህ መጣለት፤ በእንቅልፍ፥ በእንጀራ፥ በሚሰማ ጆሮና በባልንጀራ። አዲስ ሥራ የተሰጠው ተኝቶና በልቶ፥ ብሶቱም ከተሰማለት በኋላ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ተራውን እንገለብጣለን። የደከመውን ሰው አስቀድመን ሥራ እናዘዋለን፥ ቀጥለን እንመክረዋለን፤ እንጀራውና ዕረፍቱ የሚታሰቡት በመጨረሻ ነው።

ይህን ነገር አባቶቻችን ገበሬዎች በእርሻቸው ያውቁታል። ብልህ ገበሬ በሬውን ከጠዋት እስከ ማታ በቀንበር ሥር አያውለውም፤ በጊዜው ይፈታዋል፥ ሣርና ውኃም ይሰጠዋል። በሬውን የሚፈታው ስለ ጠላው አይደለም፤ ነገም እንዲያርስለት ነው። ምድርም እንዲሁ ናት። ገብስ በየዓመቱ ሳያቋርጥ የሚዘራበት መሬት ይደክማል፤ ስለዚህ ገበሬው አንዳንድ ጊዜ ጦም ያሳድረዋል፥ አንዳንድ ጊዜም በገብሱ ፈንታ ባቄላ ወይም አተር ይዘራበታል። በባቄላ ሥር ላይ ትናንሽ እብጠቶች አሉ፤ በውስጣቸውም በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይኖራሉ። እነርሱም ናይትሮጅን የሚባለውን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል፥ መሬቱም በዚህ ይጠቀማል። ከላይ የሚያይ ሰው ምድሪቱ ከገብስ ሥራዋ ቦዘነች ይላል፤ ከታች ግን ኃይልዋ ይመለሳል።

እግዚአብሔርም በሕጉ የዕረፍትን ቀን ባዘዘ ጊዜ ለጌታው ብቻ አላዘዘም፤ ለአገልጋዩና ለመጻተኛው፥ ለበሬውና ለአህያውም ጭምር ነው እንጂ። የአገራችን ሊቃውንት የዕረፍትን ቀን እጅግ አክብረውታል። ቅዳሜም እንደ እሑድ መከበር ይገባዋል ወይስ አይገባውም በማለት ብዙ ዘመን ተከራክረው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገ ጉባኤ ሁለቱም ቀኖች እንዲከበሩ ተወሰነ። ዕረፍት ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ እነዚያ አባቶች ይህን ያህል ባልደከሙበት ነበር።

አሁን ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ እናስታውስ። ስሙ አባ አብርሃም ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች አቡ ሩሚ ይሉታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1750 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። ብዙ አገር ዞሮ፥ በዕድሜው ከገፋ በኋላ ወደ ካይሮ በመጣ ጊዜ በብርቱ ታመመ። በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል አስሊን ደ ሼርቪል አስታመመው፤ ሊቁም ዳነ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ተባብረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ጀመሩ። ሥራውን የሠሩት በጥድፊያ አልነበረም፤ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፥ ደጁን ለእንግዳ ዘግተው፥ እያንዳንዱን ቍጥር በቀስታ እያነበቡ ነበር። ዐሥር ዓመት ያህል እንዲህ ካደረጉ በኋላ 9,539 ገጽ ያለው ጽሑፍ ተፈጸመ። ሊቁ ታትሞ ሳያየው ሞተ፤ መጽሐፉ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. ሙሉ ሆኖ ታተመ። እነሆ፥ የታመመ እንግዳ የተቀበለው አልጋና መድኃኒት፥ ደግሞም በልክ የተያዘ ሥራ፥ ለብዙ ሕዝብ የሚተርፍ ፍሬ አፈሩ።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ልንሸሸውም አይገባንም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፥ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረኃብ ሆኖ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከእነዚያ መካከል የጸለዩ ብዙዎች ነበሩ፥ ክርስቲያኑም እስላሙም። «ለኤልያስ እንጎቻ ያመጣው መልአክ ወደ እነርሱ ስለ ምን አልመጣም?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ክፉ ጥያቄ አልጠየቀም። የእግዚአብሔርን አሳብ ሁሉ አውቀን መመለስ አንችልም። የሚሞተውንም ሰው እምነት ስላነሰው ሞተ ማለት ትልቅ ኃጢአት ነው። ይህን ያህል ግን እናውቃለን፤ መልአክ ማለት መልእክተኛ ማለት ነው፥ እግዚአብሔርም ብዙ ጊዜ የሚልከው ሰውን ነው። በዚያ ክፉ ቀን ያለውን ጥሬ ከጎረቤቱ ጋር የተካፈለ ሰው ያን የመልአክ ሥራ ሠራ። እህል እያለው ጎተራውን ዘግቶ የራበውን ሰው «ጸልይ» ብቻ ብሎ የሸኘ ሰው ግን የተላከበትን መልእክት ጣለ። እንግዲህ መልአኩ ስለ ምን አልመጣም ብሎ ከመጠየቅ ጋር፥ የተላክሁት እኔ ብሆንስ ብሎ መጠየቅም ይገባል።

ምናልባት፦ «እንዲህ ከተማርን ልጆች ሁሉ ደከመን እያሉ ትምህርታቸውን ይተዋሉ» የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ አይደለም። ኤልያስ ከክትክታው ሥር ለዘወትር አልተቀመጠም፤ በልቶና ተኝቶ ሩቅ መንገድ ሄደ። እውነተኛ ዕረፍት ሰውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል፤ ሐሰተኛ ዕረፍት ግን ከሥራው ያርቀዋል። ነጋዴ በዳገቱ መካከል የአህያውን ጭነት የሚያራግፈው መንገዱን ለመተው አይደለም፤ መንገዱን ለመጨረስ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ይህን አስቡ። እናታችሁ ውኃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ፥ እንጀራ ጋግራ ማታ ዝም ብላ ብትቀመጥ፥ ተቈጣች አትበሉ፤ ማሰሮውን አንሥታችሁ ውኃ ስጡአት፥ የነገውንም ውኃ እናንተ ቅዱ። መምህራችሁ ቢደክም በዝምታ አግዙት። ባልንጀራችሁ ጸሎት አቃተኝ ቢላችሁ አትፍረዱበት፤ እርሱ ኃይል እስኪያገኝ ድረስ ስለ እርሱ እናንተ ጸልዩ። የገዛ ልባችሁም ብዙ ቀን ቢያዝንና እንቅልፍ ቢያጣ፥ መኖርም ቢሰለቻችሁ፥ ነገሩን አትሰውሩት፤ ለእናት ለአባታችሁ፥ ለመምህራችሁ፥ ለሐኪምም ንገሩ። ነቢይ እንኳ ብሶቱን ተናግሮአልና መናገር ነውር አይደለም።

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። በአገራችን ገበሬ አዝመራው ሲበዛበት ጎረቤቶቹን በደቦ ይጠራል፥ ስለ ጠራቸውም ማንም አያፍርበትም። የነፍስም ሸክም እንዲሁ በደቦ ይነሣል። እግዚአብሔር የደከመውን አይንቅም፤ ያስተኛዋል፥ ያበላዋል፥ ይሰማዋል፥ ባልንጀራም ይሰጠዋል። ባልንጀራ ሆነን የምንላከውም እኛ ነን። የተላከ ሰው ደግሞ በመንገድ ሊዘገይ አይገባውም።