ዕድሜ ብቻ ማስረጃ አይሆንም

ከ2 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በቻይና የሕክምና መጻሕፍት የተጻፈው የመርፌ ሕክምና፣ አኩፓንክቸር፣ ዛሬ አዲስ አበባ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይሰጣል። ጥናቶች ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽም ሊረዳ እንደሚችል አሳይተዋል። ወባን ወይም የሳንባ ምችን ግን አያድንም።

እኛም ዋግምት አለን፤ በዙሪያችንም ሂጃማ አለ። የአባቶች ነው ብለን አንናቀው፤ ጥንታዊ ነው ብለንም ልጃችንን በጭፍን አንስጥ። ወላጅ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ለየትኛው ሕመም? በማን እጅ? መርፌው ወይም ምላጩ አዲስ ነው? ብዙ ሰው በተበጣበት ምላጭ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። ትኩሳት የያዘው ልጅማ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ልጆች፣ «ለምን?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ታላቅን መድፈር አይደለም።